የጎጃም ደጋ ብርቅዬ ወፍ ከመሳዮቹ እንዴት ይለያል?

ከቢቸና ተነስቶ በግንደወይን በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው ክረምቱ ሲያበቃ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ውሃ ያቆረ የዋልካ ማሳ፣ ከብት የጋጠው ጨፌና በየጭቃው የሚራመዱ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ያያል። አብዛኛው ተጓዥ «ወፍ ነው» ብሎ ያልፋል፤ አይፈረድበትም። ከነዚያ ወፎች መካከል ግን አንዳንዱ ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ ድረስ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ከጣና ዳር የወጣ፣ አንዳንዱ ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በምድር ላይ ሌላ አገር የሌለው ነው። ሁሉም ቡናማ ጀርባ፣ ነጣ ያለ ሆድና ቀጭን እግር ስላላቸው ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ብርቅዬውን ከተራው የሚለየው ምንድን ነው? መለየቱስ ለምን ያስቸግራል? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ «ብርቅ» በሚለው ላይ እንስማማ። በአውሮፓ ወፍ የሚመለከቱ ሰዎች ብርቅ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ስቶ አገራቸው የገባ እንግዳ ነው። አንድ የሳይቤሪያ ወፍ በእንግሊዝ ዳርቻ ቢያርፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መኪና አስነስተው ይከንፋሉ። በጎጃም ደጋ ነገሩ ይገለበጣል። እኛ ዘንድ በብዛት የሚታየው ስደተኛ በሦስት አህጉር የሚገኝ ወፍ ነው። እረኛው በየቀኑ የሚያየውና ቁብ የማይሰጠው ወፍ ግን ለዓለም ብርቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእኛ አገር ተመልካች ከሩቅ የመጣ እንግዳ ከማደኑ በፊት ደጁ ላይ ያለውን አሳምሮ ማወቅ አለበት ባይ ነኝ። በዚህ ዳሰሳ የማነሣቸው ነገሮች ሁሉ ወደዚሁ ያመራሉ።

ደጁ ላይ ካሉት ዋነኛው፣ ሳይንሱ ቫኔሉስ ሜላኖሴፋሉስ የሚለው፣ በደረቱ ላይ ባለው ነቁጥ የሚታወቀው ላፕዊንግ ነው። ላፕዊንግ የምንላቸው እርጥብ ሜዳና አጭር ሣር የሚወዱ፣ ሰው ሲጠጋቸው የሚንጫጩ መካከለኛ ወፎች ናቸው። ይህን ደረተ ነቁጥ ለሳይንስ ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን የዞረው የፍራንክፈርቱ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ ስሙን ያወጣለት በ1845 ነው። ወፉ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። መኖሪያው ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅም በስተ ምዕራብም ያለው ደጋ ሲሆን፣ በተለይ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ውርጫማ ሣርና ረግረግ ይመርጣል። በባሌ የሳነቴ አምባ የሄደ ሰው በቀላሉ ያየዋል፤ ከአዲስ አበባ ሳይርቅም በሱሉልታ ሜዳ ይታያል። እኛ ዘንድ ደግሞ ዓይን መጣል ያለበት ከግንደወይን ሽቅብ ወደ ጮቄ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጮቄ ተራራ እነሙጋንና ሱሃን የመሳሰሉ ወንዞች የሚነሡበት፣ ጫፉ አስታና ጓሳ የለበሰ፣ ጉያው ረግረግ የሞላበት አገር ነው። ወፉ የሚፈልገው ኑሮ ይኸው ነው።

ቀረብ ብለን እንየው። ቁመቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አናቱ ጥቁር ሆኖ ከኋላው አጭር ቁንጮ አለው፤ ከአናቱ ሥር ነጭ ቅንድብ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጉሮሮው ጥቁር ነው። ከዓይኑ ፊት ለፊት ትንሽ ቢጫ ሥጋ ተለጥፋለች። ጀርባው አመድማ ቡናማ፣ ሆዱ ነጭ ነው። ስሙን ያሰጠው ደረቱ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ነቁጥና ጭረት የተረጨበት ሲሆን፣ እግሩ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ሲነሣ ነጭ ጅራቱ ላይ ሰፊ ጥቁር መቀነት፣ ክንፉ ላይ ደግሞ ነጭ ሰበዝ ይታያል። ይህ ሁሉ ምልክት እያለው ከማን ጋር ይምታታል? ሥዕሉን መጽሐፍ ላይ ያየ ሰው «ከማንም ጋር» ይላል። ሜዳ ላይ የወረደ ሰው ግን መቶ ሃምሳ ሜትር ርቀት፣ የቀትር ወላፈንና ጀርባውን የሰጠ ወፍ ይገጥመዋል። ያን ጊዜ የሚታየው ቡናማ ጀርባና ጥቁር ራስ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው መሳይ ክንፈ ጥቁሩ ላፕዊንግ ነው። እሱም የደጋ ወፍ ነው፤ የተጋጠ ሜዳና የታረሰ ማሳ ይወዳል፤ ከደረተ ነቁጡ ጋር በአንድ መስክ ላይ ሊገኝ ይችላል። ራሱ ግን ጥቁር ሳይሆን አመድማ፣ ግንባሩ ነጭ ነው። ደረቱ ላይ ነቁጥ የለም፤ ወጥ የሆነ ጥቁር መቀነት አለው። እግሩ ጠቆር ያለ ቀይ፣ የዓይኑ ዙሪያም ቀይ ነው። መጠኑ ከደረተ ነቁጡ ያንሳል። ሁለቱን ሲበሩ በክንፋቸው ለመለየት መሞከር ድካም ነው፤ ሁለቱም ነጭ ሰበዝና ጥቁር የክንፍ ጫፍ አላቸው። እዚህ ላይ የሚታመነው ደረቱ ነው፤ ነቁጥ ወይስ ወጥ መቀነት? ወፉ ፊቱን እስኪያዞር የማይጠብቅ ሰው መልሱን አያገኝም።

ሁለተኛው መሳይ ከዓይኑ ሥር ረጅም ቢጫ ሥጋ የሚንጠለጠልበት ትልቁ ላፕዊንግ፣ ቫኔሉስ ሴኔጋሉስ ነው። መጠኑ ከደረተ ነቁጡ ጋር እኩል፣ እግሩም ቢጫ ነው፤ ከሥጋው ቢጫነት ጋር ተደምሮ ጀማሪን ያደናግራል። ልዩነቱን የሚናገረው የጭረቱ ቦታ ነው። የዚህኛው ጭረት አንገቱ ላይ ሲሆን ደረቱ ወጥ ቡናማ ነው፤ የደረተ ነቁጡ ነቁጥ ግን ስሙ እንደሚለው ደረቱ ላይ ነው። ግንባሩ ነጭ፣ ከፊቱ የሚንጠለጠለውም ሥጋ ትልቅና ከሥሩ ቀይ የተቀባ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ከፍታው ይመሰክራል። ትልቁ ላፕዊንግ ወይና ደጋውንና ከዚያ በታች ያለውን እርጥብ ሜዳ የሚመርጥ ወፍ ነው። ጮቄ ጫፍ ላይ ያየኸው ቢጫ እግር የዚህ ወፍ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ጣና ዳር ያየኸው ቢጫ እግር ደግሞ ደረተ ነቁጥ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። ግንደወይን የምትገኘው በሁለቱ መካከል ስለሆነ ሁለቱንም በልብ ይዞ መውጣት ይበጃል።

ስለ እግር ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። መጻሕፍቱ ሁሉ የእግርን ቀለም እንደ ዋነኛ መለያ ይጠቅሳሉ፤ ልክ ናቸው። የምሥራቅ ጎጃምን ዋልካ የረገጠ እግር ግን ቢጫም ይሁን ቀይ እስከ ጉልበቱ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ አመድ ይመስላል። ስለዚህ እግሩን የሚያይ ሰው ከጉልበቱ በላይ ያለውን ይይ፤ ወይም ወፉ ውሃ ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ይጠብቅ። ብርሃንም እንዲሁ ያታልላል፤ ማለዳ የምትወጣው ፀሐይ ነጩን ቢጫ፣ ግራጫውን ቡናማ ታደርገዋለች።

የቀሩትን ላፕዊንጎች በአጭሩ ልለፋቸው። ጥቁርና ነጩ፣ ክንፉ ላይ እሾህ ያለው ላፕዊንግ የሐይቅና የወንዝ ዳር ወፍ ነው፤ ጣና ዳር ሞልቷል። ጉንጩና የአንገቱ ጎን ነጭ፣ እግሩ ጥቁር ስለሆነ ከማንም ጋር አይምታታም። አናቱን ነጭ ቀለበት የከበበው ቀይ እግሩ ላፕዊንግና ረጅም ቁንጮ ያለው፣ በደረቱ መሃል ጥቁር መስመር የሚወርደው ሌላው የሚወዱት ደረቅ መሬት ነው፤ የጎጃም ጨፌ ቤታቸው አይደለም።

እዚህ ላይ ፈተናው ይመጣል። በጣም ብርቅ የሆነ፣ ዓለም ሁሉ የሚያለቅስለት አንድ ላፕዊንግ አለ፤ ቫኔሉስ ግሬጋሪዩስ ይባላል። የሚራባው በካዛክስታንና በሩሲያ የሣር ሜዳ ነው፤ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ የተመደበው በ2004 ነው። የሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው ወፎች በቱርክና በሶርያ በኩል አልፈው ጎረቤታችን ሱዳን ድረስ ወርደዋል። ታዲያ ሱዳን የሚከርም ወፍ አንድ ቀን ጎጃም ቢገባ ምን ይደንቃል? ምኞቱ ደስ ይላል፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ይህ ወፍ ጥቁር አናትና ነጭ ቅንድብ አለው፤ በማይራባበት ወቅት ደረቱ ላይ ጭረት ይወጣል። ደረተ ነቁጡም ጥቁር አናት፣ ነጭ ቅንድብና የተጨረተ ደረት አለው። ብርቁን ለማየት የጓጓ ዓይን የአገሩን ወፍ የካዛክስታን እንግዳ አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። መለያዎቹን ቆጥሮ ማየት ግን ጥርጣሬ አያስቀርም። የእንግዳው ጉሮሮ ነጭ ነው፤ የእኛው ጥቁር ነው። የእንግዳው እግር ጥቁር ነው፤ የእኛው ቢጫ። እንግዳው ከዓይኑ ፊት ቢጫ ሥጋ የለውም። ሲበር ደግሞ የእንግዳው ክንፍ ወደ ገላው በኩል ያለው ግማሽ የኋላ ላባው ሙሉ ነጭ ነው።

ከላፕዊንጎቹ የበለጠ የሚያስቸግሩት ግን ስናይፖች ናቸው። ረጅም ቀጥ ያለ መንቁር፣ የደረቀ ሣር የሚመስል ጀርባ ያላቸው፣ ሰው እግሩ ሊያርፍባቸው እስኪደርስ ድረስ የማይንቀሳቀሱ የረግረግ ወፎች ናቸው። ቆመው አይታዩም፤ የሚታዩት ሲነሡ ነው፤ ለዚያውም ለሦስት ሰከንድ። በኢትዮጵያ ደጋ ሦስት ትልልቅ መሳዮች አሉ። አንዱ የአፍሪካ ስናይፕ ነው፤ አገሩ እዚሁ ነው፤ የሚራባውም እዚሁ ረግረግ ላይ ነው። ሁለተኛው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ተራ ስናይፕ ነው። ሦስተኛው ታላቁ ስናይፕ ሲሆን፣ ቁጥሩ እየመነመነ በመሄዱ ለሥጋት ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል።

ስለ ታላቁ ስናይፕ ትንሽ ላውራ፤ ይገባዋል። በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከስዊድን የተነሡ ታላላቅ ስናይፖች ከ4,300 እስከ 6,800 ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት በረው ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ደርሰዋል። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በጉዟቸው ላይ ቀን ቀን እስከ 8,700 ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሚወጡ አሳይቷል፤ የራስ ዳሸን እጥፍ ማለት ይቻላል። ምሥራቃዊዎቹ በእኛ በኩል ያልፋሉ። የሚያርፉት የእኛ ክረምት ሲያበቃ፣ ጨፌው ገና ውሃ ይዞ የምድር ትል የሞላበት ጊዜ ነው፤ መሬቱ ሲደርቅ ዝናቡን ተከትለው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ስለዚህ በመስከረም በዋልካው ዳር የተነሣ ስናይፕ ታላቁ ሊሆን ይችላል፤ በጥር ከሆነ ግን ጥርጣሬው ይብዛ።

እንዴት ይለያሉ? ተራው ስናይፕ ሲነሣ ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ያሰማል፤ ወዲያ ወዲህ እየተጠማዘዘ ከፍ ይላል፤ ከክንፉ ጀርባ ጠርዝ ነጭ መስመር በግልጽ ይታያል፤ ሆዱም ነጭ ነው። ታላቁ ስናይፕ ከበድ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ይነሣል፤ ቀጥ ብሎ ዝቅ ብሎ በሮ ብዙም ሳይርቅ ያርፋል። ሆዱ እስከ ታች ድረስ የተጨረተ ነው፤ ክንፉ መሃል ላይ ነጫጭ ነቁጦች ተሰልፈው ቀጫጭን መስመሮች ይሠራሉ፤ ሲያርፍ ጅራቱን ከዘረጋ የጅራቱ ጎኖች ነጭ ሆነው ይታያሉ። የአፍሪካው ስናይፕ ጀርባና ደረቱ ከሁለቱም ይጠቁራል፤ ከጠቆረው ደረቱ ወደ ነጭ ሆዱ ያለው ድንበር ስለታም ነው፤ መንቁሩ በጣም ረጅም፣ አበራሩ ዝግ ያለ ነው። ከሦስቱ የሚታመነው ምልክት የትኛው ነው ብትሉኝ ሆዱ እላለሁ። ሆዱን ሳያዩ «ታላቁ ስናይፕ ነው» ብሎ የመዘገበ ሰው ስለ ምኞቱ ነው የጻፈው።

ሳንድፓይፐር የሚባሉት ትንንሾቹ የውሃ ዳር ወፎች ጣጣ የላቸውም። ጅራቱን ያለማቋረጥ የሚያወዛውዘውና ትከሻው ሥር ነጭ ሽብልቅ ያለው ተራው ነው። ሲበር ክንፉ ከሥሩ ጥቁር የሚመስለውና ቂጡ ነጭ የሆነው አረንጓዴው ነው። ቢጫ እግርና ከዓይኑ ኋላ የሚዘልቅ ረጅም ነጭ ቅንድብ ያለው የእንጨት ሳንድፓይፐር ይባላል። ሦስቱም በየምንጩና በየቦዩ ዳር አሉ፤ ብርቅ አይደሉም። እነሱን አሳምሮ ማወቅ ግን ለሌላው ሁሉ መንደርደሪያ ነው።

ስህተት ምን ያስከፍላል? ዓለም ያየው ትልቁ ምሳሌ መንቁረ ቀጭኑ ኩርሉ ነው። ከሳይቤሪያ እየተነሣ በሜዲትራኒያን ዙሪያ የሚከርም ወፍ ነበር። ያለ ክርክር የተረጋገጠው የመጨረሻው ፎቶግራፍ የተነሣው በየካቲት 1995 በሞሮኮ መርጃ ዘርጋ ነው። ከዚያ በኋላ እዚህም እዚያም ታየ ተባለ። በ1998 በእንግሊዝ ድሩሪጅ ቤይ በተባለ ቦታ አንድ ኩርሉ ታይቶ በብዙዎች ተጎበኘ፤ መንቁረ ቀጭኑ ነው ተብሎም በአገሪቱ መዝገብ ሰፈረ። ከዓመታት በኋላ ፎቶውና ቪዲዮው እንደገና ሲመረመር ማስረጃው አልበቃ ብሎ ከመዝገቡ ወጣ። ምስክር ያጡ ወይም በመሳይ የተሳሳቱ ወሬዎች «አለ ይሆናል» የሚለውን ተስፋ ሲያቆዩ ወፉ አልቆ ነበር። በ2025 በይፋ ጠፍቷል ተባለ። ተራውን ኩርሉ ጠንቅቆ የሚያውቅ ዓይን በየቦታው ቢኖር ኖሮ ምናልባት ማንቂያው ቀደም ብሎ ይደወል ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። የቀደሙት ሰዎች መለየትን በጠመንጃ ነበር የሚፈቱት፤ ወፉን ገድለው ቆዳውን ሙዚየም ውስጥ ከሌሎች ጎን ያስተኙታል። ጎጃምን በዚህ መንገድ ካጠኑት ሁሉ የሚጠቀሰው ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስላ ሆኖ ዳንግላ የተቀመጠው ሮበርት ቺዝማን ነው። ዓባይንና ጣናን ሲዞር የሰበሰባቸውን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ወፎች ከዊልያም ስክሌተር ጋር ሆኖ በ1935 እና 1936 አይቢስ በተሰኘው መጽሔት አሳትሟል። በ1971 ኤሚል አርባንና ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አወጡ። በ2009 ደግሞ ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት በአንድ ዓመት መጡ፤ የጆን አሽና የጆን አትኪንስ የሥርጭት አትላስ አንዱ፣ የሬድማን፣ የስቲቨንሰንና የፋንሾው የአፍሪካ ቀንድ መለያ መጽሐፍ ሁለተኛው። ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ዋጋቸውም በግንደወይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አቅም አይደለም። ለአንድ የባዮሎጂ መምህር ደመወዝም ቢሆን ይከብዳል።

አሁን ስልክ መጥቷል። ፎቶ ወይም ድምፅ ተቀብለው የወፉን ስም የሚነግሩ እንደ መርሊን ያሉ መተግበሪያዎች አሉ። እኔ አልቃወማቸውም፤ ለጀማሪ ትልቅ እርዳታ ናቸው። ነገር ግን በሩቅ የተነሣ የደበዘዘ ፎቶ ሲሰጣቸው ብዙ ፎቶ ወዳለው ወፍ ያደላሉ። ብዙ ፎቶ ያለው ደግሞ የአውሮፓው ስናይፕ እንጂ የእኛ አይደለም። ስለዚህ መተግበሪያው ያለውን እንደ አንድ ምስክር እንጂ እንደ ፍርድ አትቀበሉ።

ድምፅ ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው የበርጋ ረግረግ የሚራባው ክንፈ ነጩ ትንሽ የረግረግ ወፍ፣ በዋናነት በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ የሚታወቅ፣ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ ነው። በሣር ውስጥ ስለሚሸሸግ ማየቱ ከባድ ነው፤ ድምፁም ለረጅም ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። መልስ የተገኘው በደቡብ አፍሪካ ረግረግ ውስጥ የተጠመዱ አውቶማቲክ ካሜራዎችና የድምፅ መቅጃዎች አንድ ላይ ሲሠሩ ነው። ለደረተ ነቁጡ ይህ ሁሉ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጩኸቱን በኪስ ስልክ መቅዳት ይቻላል። ላፕዊንግ ሲቀርቡት ዝም የሚል ፍጥረት አይደለም።

ባይኖኩላር ይዞ በገበሬ ማሳ ዳር የሚቆም ሰው ጥርጣሬ እንደሚያስነሣ አውቃለሁ። ስለዚህ ከመስክ በፊት ለባለ ማሳው ሰላምታና ማስረዳት ይቅደም። ልማዱ ደግሞ ትርፍ አለው፤ የወፉን ጎጆ፣ የሚመጣበትን ወርና የሚሸሸግበትን ቦይ ከእረኛ ልጅ በላይ የሚያውቅ የለም። ላፕዊንግ የሚጥለው መሬት ላይ ነው፤ ጨፌው ሲጠነፈፍና ድንች ወይም ባሕር ዛፍ ሲተከልበት ጎጆውም አብሮ ይሄዳል። ይህም በጎጃም ደጋ በዓይን የሚታይ ነገር ነው።

ስለዚህ በቢቸና፣ በግንደወይንና በሞጣ ላላችሁ የባዮሎጂ መምህራንና ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በአቅራቢያችሁ ያለውን አንድ ጨፌ ምረጡ፤ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት እየሄዳችሁ ያያችሁትን ጻፉ። ቀኑን፣ ቦታውንና ከፍታውን፣ የጉሮሮውን ቀለም፣ የደረቱን ምልክት፣ ከጉልበት በላይ ያለውን እግር፣ ሲበር የታየውን ክንፍና ጅራት መዝግቡ፤ ድምፁን በስልክ ቅዱ። ተራ የምትሉትንም አትዝለሉ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ላፕዊንግ፣ ዓይነቱ አልተለየም» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህ ከተሳሳተ ስም ይሻላል። የሰበሰባችሁትን አዲስ አበባ ለሚገኘው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ወይም ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህራን ላኩ። ጎጆ ካገኛችሁ ግን ፎቶ አንሥታችሁ ቶሎ ራቁ።